ጉልበት የሚያዳምጡት እሜቴ

ሰውን ከፊቱ ሳይሆን ከአካሄዱ የሚያነብ ሰው ያላጋጠመው የለም። የእነዚህ ሁሉ የበላይ ግን የአጥንት ሐኪሟ፣ ክብርት እሜቴ ጉልበት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ታካሚዎቻቸው ናቸው፤ እሳቸውም ሰምተው ዝም አሉ፣ እንደ ሹመት ቆጥረውት ነው መሰል።

እሜቴ ሠርግ ተጠርተው ሙሽራዋን ትተው የሚዜውን ጉልበት ያያሉ። መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው አስቁመው፣ «ደረጃ ስትወርድ ነው አይደል የሚያምህ?» ይላሉ። ሰውየው ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ያሳያቸዋል፤ ልክ ናቸዋ! ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛውን ካጽናኑ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺን ቀኝ እግር ግን አሳያት» ብለዋል አሉ።

አንድ ሴራሚክ አንጣፊ ዘንድሮ እጃቸው የገባው ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋም ሲለው ነው። ተንበርክኮ ሠርቶ የሚያድር ሰው ጉልበቱ ከከዳው ምን ቀረው? የተነሣውን የኤምአርአይ ፊልም በትልቅ ፖስታ ይዞ ገባና ዘረጋላቸው።

«ቆይ እሱን! መጀመሪያ ጉልበትህ ያውራ። እስቲ ሥራህን አሳየኝ።»

«እዚህ፣ ዶክተር?»

«ታዲያ ይሄ ወለል አይደለም እንዴ?»

መጻሕፍታቸውን ከመደርደሪያ አውርደው በሴራሚክ ፈንታ ሰጡት፤ የጽዳት ባልዲም እንደ ሲሚንቶ ከጎኑ አኖሩለት። እያቃሰተ ተንበርክኮ አንድ ረድፍ እንዳነጠፈ፣ ባልዲውን ገፋ አድርጎ ከኋላው አስቀመጠና ወደ ባልዲው ዞረ። ወገቡ ዞረ፤ ጉልበቱ ግን እንደተተከለ ነው።

«ያዝኩህ! በል ንገረኝ፣ ስንት ዓመት ይቺን ጉልበት እንዲህ ፈጨሃት?»

አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉልበቱን አጠፍ ዞር እያደረጉ አዳመጡ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ፊልሙን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ፊልሙ ላይ የታየው ቅዳድ ልክ ጣታቸው የቆመበት ላይ ነበር። አንጣፊው አንገቱን አስግጎ ፊልሙን አየ።

«ይቺ የተቀደደችው ልም አጥንት ትባላለች» አሉት። «በሁለት አጥንቶች መሃል ያለች ትራስ ናት። ደም የሚደርሳት ከዳር ብቻ ነው፤ ብትጎዳም ብዙ አትጮህም፣ የሚጮኹት ጎረቤቶቿ ናቸው። ይኸው ዕድሜህን ሙሉ ተሸክማሃለች።»

አንጣፊው እጁን ጉልበቱ ላይ ጫነ። እንደ ሰው አፈራት።

ደግነቱ ቅዳዱ ደም በሚደርስበት ዳር ላይ ስለነበር፣ ቆዳውን በትንንሹ በስተው በመሣሪያ ሰፉለት። ስፌቱስ ምን አለው! የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያው ስፖርት ነው ያስለቀሰው። «ስፌቱ የኔ፣ ጡንቻው ያንተ» እያሉ ወራት አስጨነቁት። ሚስቱ፣ «ባሌን ከኔ ብሰው የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ» እያለች ትስቅ ነበር።

የመንበርከኪያው ቀን ደረሰ። ሰውየው ወለሉን አይቶ ፈራ፤ እንደገና ብትቀደድስ? እሜቴ ነጭ ጋዎናቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀድመውት ተንበረከኩ።

«ና እንጂ!»

ቀስ ብሎ ወረደ። መዳፋቸውን ጉልበቱ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራህ ተመለስ» አሉት በመጨረሻ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «በቃ፣ ተነሥ።»

«ትንሽ ተንበርክኬ ልቆይ፣ ዶክተር» አላቸው።