ሲምፎኒና ፊልሃርሞኒክ በአንድ ድንኳን

እኛ ስም ስናወጣ አንሰስትም። ሦስት ዱካ ያለው ሻይ ቤት «ኢንተርናሽናል» ይባላል፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጸጉር የሚቆርጠው ጎረቤቴም ዘንድሮ «ግሩፕ» ሆኗል። ቅር አይለኝም። ስም ቀረጥ የለበትም። ችግር የሚመጣው ስሞቹ ሰርግ ቤት ሲገናኙ ነው።

እዚህ አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ ድሮ በፋብሪካ የሙዚቃ ጓድ አብረው ይጫወቱ የነበሩ ጡረተኞች አሉ። ጋሽ ታደሰ ትራምፔት ይነፋሉ፤ ጋሽ መኮንን ሳክስፎን። ሰባት ሆነው ተሰባሰቡና «የአቃቂ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ» ተባሉ። «ባንድ የልጆች ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። ብዙም ሳይቆይ የሙሽራ መግቢያውን ዜማ ማን ይጀምር በሚል ተጣሉ። ጋሽ መኮንን አኩርፈው ወጡና «የአቃቂ ፊልሃርሞኒክ»ን መሠረቱ።

የትኛው ይበልጣል? ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ሙዚቃ የተማረ ወዳጄን ጠየቅሁት።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አለኝ። «ሰማንያ ዘጠና ሰው የሚሰለፍበት ትልቅ ኦርኬስትራ ማለት ነው። አንድ ከተማ ሁለት ሲኖረው እንዳይምታቱ ነው ስም የሚለያየው። ፊልሃርሞኒክ የሚለው ቃል ትርጉሙ ግን ‹ስምምነትን የሚወድ› ነው።»

ተጣልተው የወጡት ጋሽ መኮንን መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ይህን በሰማሁ ሰሞን የእህቴ የአልማዝ ልጅ ማህሌት ልትዳር ሆነ። የእህቴ ባል ግርማ ለማንም ሳይናገር ሲምፎኒውን ጠራ፤ ጋሽ ታደሰ የድሮ የሥራ ባልደረባው ናቸው። እህቴ ደግሞ ለማንም ሳትናገር ፊልሃርሞኒኩን ጠራች፤ ስሙ ሲከብድ ሰውም የሚበዛ መስሏት።

በሰርጉ ቀን ሲምፎኒው በድንኳኑ ቀኝ ገባ። ሦስት ሰው ነው። ፊልሃርሞኒኩም በግራ ገባ። ሦስት ሰው።

«ግርማ፣ እነዚህን ማን ጠራ?» አለች እህቴ።

«እነዚያንስ?» አለ ግርማ።

ጋሽ ታደሰ ትራምፔታቸውን ጭናቸው ላይ አስተኙ። «እኔ ከኚህ ሰውዬ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ አልነፋም!»

ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «እኔም እንደማልነፋ ንገርልኝ» አሉ። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት መልእክተኛ ሆንኩ።

ያን ጊዜ የሙሽሮቹ መኪና ጡሩምባ ከበር ተሰማ። በመስኮቱ ማህሌትን አየኋት፤ ጆሮዋን አቁማ ሙዚቃውን ትጠብቃለች። ድንኳኑ ጭር ብሏል። እህቴ ልታለቅስ ነው።

ከሰባቱ አንዷ፣ ድራም መቺዋ እትዬ ዘነበች፣ ድራሟን በባጃጅ አስጭና የደረሰችው ይኼኔ ነው።

«ዘነበች፣ በዚህ በኩል!» አሉ ሁለቱም ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ። ከዚያ ተያዩ። ለካ ሴትዮዋ ሽማግሌዎቹ ከተኳረፉ ጀምሮ ለሁለቱም ስትመታ ኖራለች!

«ከሳቸውም ጋር?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ማን ጠየቀኝ?» ብላ ድራሟን መሀል ድንኳን ተከለች። «እኔ ሙሽራ ልቀበል ነው የመጣሁት። ማኩረፍ የፈለገ ውጭ አለለት።»

መታችው።

መጀመሪያ የጋሽ መኮንን እግር ከዳቸው፤ መሬቱን ይደበድብ ጀመር። ቀጥሎ ሳክስፎኑ አፋቸው ደረሰ። ጋሽ ታደሰ ጥርሳቸውን ነክሰው ትንሽ ቆዩ፤ ትራምፔት የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ግን አላስቻላቸውም፣ ብድግ ብለው ነፉት። ማህሌት እየሳቀች ገባች። እህቴም አለቀሰች፤ ይኼኛው የደስታ ነው።

ዜማው ሲያበቃ ጋሽ ታደሰ ላባቸውን ጠረጉ። «መኮንን፣ ዛሬም ትቸኩላለህ» አሉ።

«አንተ እየተጎተትክ ነዋ!»

ካኮረፉ ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

አሁን አብረው ይጫወታሉ። በስሙ ግን እስካሁን አልተስማሙም፤ የሚስማሙም አይመስለኝም። እናንተም ሰርግ ካላችሁ ሲምፎኒ ይሁን ፊልሃርሞኒክ እያላችሁ አትጨነቁ። እትዬ ዘነበችን ጥሩ፤ የቀሩት እየተጨቃጨቁ ተከትለዋት ይመጣሉ።