አዴር አይሰነብትም እና የናስር ፑል ቤት

አዲስ ቤት በሚከፈትበት አገር ሁሉ ሁለት ሰው አይጠፋም። አንደኛው በሩን የሚከፍተው ነው፤ ሁለተኛው ደጃፉ ላይ ቆሞ በሩ የሚዘጋበትን ቀን የሚያሰላው። የመጀመሪያውን ስሙን እንረሳዋለን። ሁለተኛውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጎረቤታችን ነው፣ አጎታችን ነው፣ መስጊዱ ጥግ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። ዳቦ ቤት ሲከፈት እርሾው አያምረውም። ጋራዥ ሲከፈት መንገዱ አያምረውም። ልጅ ሲወለድ እንኳ መርቆ ሲያበቃ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል።

ሀርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈራችን የኪሳራ ሊቅ ክቡር አዴር ዓብዲቃድር ናቸው። "አዴር" ሶማሌው የአባቱን ወንድም የሚጠራበት ነው። ሰፈሩ በሙሉ አጎቱ አድርጓቸዋል፤ እሳቸውም እንደ አጎት ሰፈሩን በሙሉ ይወቅሱታል። ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከዘራቸው ከእግራቸው ቀድማ የምትደርስ ሰው ናቸው። ጅግጅጋ አድገው አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። ከዚያ ሁሉ አማርኛ ግን መርጠው የያዙት አንዲት ቃል ናት፤ "አይሰነብትም"።

"ለምን በአማርኛ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"በሶማሊኛ ስትለው እርግማን ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ስትለው ሪፖርት ይሆናል። በአማርኛ ግን ሐሳብ ነው" አሉኝ።

እኔ ራሴ አዲሱ ኮሌጅ ላስተምር አንድ ሻንጣ መጽሐፍ ይዤ የመጣሁ ዕለት ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ለቤት አከራዬ "ይሄ ሰውዬ አይሰነብትም" ብለዋል። ፍልስፍና የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አይረሳም። ሌሊት ተኝቼ ቃሉን አገላብጠው ነበር። ሰነበተ ማለት ሰንበትን አገኘ፣ ሳምንቱን ዞሮ መጣ ማለት ነው። እኛ ስንገናኝ "እንዴት ሰነበትክ" የምንባባለው ሳምንት መኖር ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው። ስንለያይም ለሚሄደው "ደህና ግባ" እንላለን፤ "ደህና ሰንብት" የምንለው ለሚቀረው ነው። አዴር ይህን የኋለኛውን ለማንም ብለውት አያውቁም። ሲሄዱ "በሉ" ይላሉ፤ በቃ፣ ይሄዳሉ።

ሀርጌሳ ያኔ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ በራሷ ፍራሽ ላይ የምትተኛ ከተማ ነበረች። የፈረሰው ቤት ድንጋይ ተደልድሎ አዲሱ ቤት በላዩ ይቆማል፤ አዲሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ከሩቅ ያየው ሰው ባሕር የመጣ ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ አቧራው ይነሳና መንታዎቹ የናሳ ሀብሎድ ኮረብቶች ከመሬት ተላቀው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እንዲህ ባለው ሰዓት ሰው ያሰበውን ነገር የሠራው ይመስለዋል። ናስርም ፑል ቤቱን ያሰበው በዚህ ሰዓት መሆን አለበት።

ናስር የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሀርጌሳ የመጣው ሊያልፍ ነበር፤ ወደ ቦሳሶ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን። ሚስቱ ፈትሂያ ናት መሐል መንገድ ላይ የያዘችው። የእሷ ወንድም በዚያው ባሕር ሄዶ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ስለዚህ ተስማሙ፤ ናስር ወደ ኮሌጁ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት አዳራሽ ተከራየ፣ ከድሬዳዋ አሮጌ ጠረጴዛ በጭነት መኪና አስመጣ፣ እሷም በሩ ላይ ሳምቡሳ ልትጠብስ ተቀመጠች። ቤቱ ከሠራ ናስር ይቀራል። ካልሠራ ባሕሩ አለ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የተከፈተ ዕለት አዴር መጡ፤ ጠረጴዛውን ዞሩት፤ አረንጓዴውን ጨርቅ በጣታቸው ዳሰሱት።

"በበጋ መሐል አረንጓዴ ነገር ዘርግተህ በር ከፍተህ ትቀመጣለህ?" አሉ። "አይሰነብትም። ፍየል ይበላዋል።"

ሁላችንም ሳቅን። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጥቁር ፍየል ገብታ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፤ መሐሉ ላይ ቆማ ጨርቁን አሸተተች፤ ላሰችው፤ ከዚያ ሰው እንደሸወደው ሰው ቀና ብላ ናስርን አየችው። ናስር በማግስቱ ለበሩ የእንጨት አጥር ሠራለት።

ከዚያ በኋላ አዴር የማይመጡበት ቀን አልነበረም። ፈትሂያም ገና ከዘራቸውን ስታይ፣ "አዴር፣ ዛሬስ በምን ልንሞት ነው?" ትላለች።

"በጫት" አሉ አንድ ቀን። "ጫት የቃመ ሰው አይቆምም። ይሄ ጨዋታ ደግሞ ቆመው የሚጫወቱት ነው። የቆመ ጨዋታ በተቀመጠ ከተማ አይሰነብትም።"

"አቦ ተዉና" አለች ፈትሂያ። ናስር ግን ግድግዳውን ተከትሎ ምንጣፍና ትራስ ደረደረ። ቃሚዎቹ መጥተው በክርናቸው ጋደም አሉ፤ ለአንድ ተጫዋች አሥር ዳኛ ተገኘለት። ሙዚቃ የማያስፈልገው ቤት ሆነ።

በሌላ ቀን ምክንያቱ ተማሪው ሆነ። "ተማሪ ከክፍል ጠፍቶ የሚጫወተው ማንም በማያውቀው ከተማ ነው። እዚህ ግን ልጁ መምቻውን ሳያነሳ አባቱ በርበራ ወደብ ሆኖ ሰምቷል።" ናስር እኔ ጋ መጥቶ የኮሌጁን የክፍል ሰዓት ወሰደና ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ክፍል ያለው ተማሪ በሩን አያልፍም። ብዙም ሳይቆይ አባቶች "ልጄ የት ነው?" ሲሉ "ፑል ቤት" ይባላሉ፤ "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ።

ወለሉን ግን ማንም ሊያሸንፈው አልቻለም። ከሥር የፈረሰ ቤት ስላለ በየሳምንቱ ሐሳቡን ይቀይራል። ናስር በጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን ይጠቀጥቃል፤ ኳሱ ግን የፈለግከውን ያህል አስልተህ ብትመታው ተንከባሎ ተንከባሎ ወደ ግራው ጥግ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ያንን ጥግ "በርበራ" አሉት፤ በዚህ አገር ፍየሉም ግመሉም ተነድቶ የሚወርደው ወደዚያ ወደብ ነውና። "ምን ሆነ?" ሲባል "በርበራ ገባ" ይባላል።

የሶላቱ ነገር ግን በእርግጥ ቤቱን ሊያዘጋቸው ነበር። "አዛን ሲባል ሁሉም ጥሎ ይሄዳል" ብለው ነበር አዴር። "ሲመለሱ ኳሱ የነበረበት ቦታ ያጨቃጭቃቸዋል። ልጆች ከተጨቃጨቁ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌ ከተቀመጠ ፑል ቤትህ ፍርድ ቤት ሆነ፤ አይሰነብትም።" እንዳሉትም አንድ የዐሥር ሶላት መልስ ጥቁሯ ኳስ ከቦታዋ ተገኘች አልተገኘች ተብሎ ሁለት ልጆች ተያያዙ፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ የልጆቹ አያቶች ስም ሁሉ ተነሳ። ጥቁሯን ኳስ ያላየ ሰው ከተማው ውስጥ አልቀረም። ስታያት ኳስ ናት። ግን ሰው ሊያያት ከአየር ማረፊያው ሰፈር ድረስ መጣ፤ የመጣው ደግሞ ሳይጫወት አልሄደም። ከዚያ ወዲህ አዛን ሲባል ናስር በእያንዳንዱ ኳስ ዙሪያ በጠመኔ ክብ ያሰምራል። እኔ ያቺን ሰዓት እወዳት ነበር፤ ሰው የሌለበት አዳራሽ፣ ጸጥ ያለ ጀነሬተር፣ በነጭ ክብ ውስጥ የቆሙ ኳሶች፣ እንደ ፕላኔት፣ የሚያንቀሳቅሳቸውን እየጠበቁ።

ከዚያ የኮሌጁ እረፍት መጣ። ተማሪው ግማሹ ወደ ግመሎቹ፣ ግማሹ ወደ ዘመዶቹ ተበተነ። ይህንንም አዴር ብለውት ነበር፤ ለዚህ ግን የሚጠቀጠቅ ካርቶን የለም። ቃሚዎቹ የሚፈርዱበት ሲያጡ ሌላ ቦታ ሄዱ። ፍየሏ እንኳ ቀረች። ፈትሂያ የጠበሰችውን ሳምቡሳ ማታ ራሳቸው ይበሉት ጀመር።

አንድ ቀን ከዐሥር ሶላት በኋላ አዴርና እኔ አብረን ስንገባ ናስር ጠረጴዛውን በሸራ ሸፍኖ አገኘነው። ከጎኑ የታሰረ ሻንጣ አለ። ፈትሂያ ጀርባዋን ሰጥታን እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

"አዴር፣ አሸነፉኝ" አለ ናስር። "የቦሳሶ መኪና ይዣለሁ። ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ይነሳል።"

አዴር ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይህን ያህል ትንቢት ደርሶለት የማይደሰት ማን አለ? እሳቸው ግን ቀሉ።

"ማን ዝጋ አለህ?"

"እርስዎ ነዎታ። በየቀኑ።"

"እኔ አይሰነብትም አልኩ እንጂ ዝጋ አላልኩም። ለምን ይመስልሃል በየቀኑ የምትከፍተው? የሚሰነብት ነገር ቢሆን አንዴ ከፍተህ ትሄድ ነበር።"

ፈትሂያ ዞረች። ዓይኗ በጭሱ ይሁን በሌላ ቀልቷል። "ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ይሰነብታል ቢሉልን ምን ነበረበት?"

አዴር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

"ብዬ ነበር" አሉ። "እዚሁ ቤት ሠርቼ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ያለቀ ዕለት፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ፣ ይሄስ ይሰነብታል አልኩ። ዓመቱ ሳይዞር አውሮፕላኖቹ መጡ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ማንም ቤት ላይ አላነሳኋትም።"

አዴር ሸራውን በከዘራቸው ጫፍ ገለጡት፤ ሻሻቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉ፤ ከግድግዳው መምቻ አወረዱ። ሲመቱ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ይመስሉ ነበር። ነጯ ኳስ ማንንም ሳትነካ ጠረጴዛውን አቋርጣ፣ ትንሽ አስባ፣ በርበራ ገባች።

"አየህ፣ መሬቱ ራሱ ይጫወትልሃል" አሉ። "ነገ ጠዋት ክፈተው። መኪናህ ከዙህር በኋላ አይደል?" ከዚያ "በሉ" ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት መስጊዱ ጥግ ያለው ጥላ ባዶውን ቀረ። በዚያ ጥላ ሥር ዓመታት የተቀመጡት ሽማግሌዎች በሙሉ፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ደርድረው፣ የናስርን ጠረጴዛ ከበዋል። መምቻውን እንደ ጦር ይዘው እየተሳደቡ ይጫወታሉ። "ዓይንህን ታከም" ይላል አንዱ። "አንተ ግመልህን እንኳ እንዲህ ስትነዳ ነው ያለቀችብህ" ይላል ሌላው። የፈትሂያ ሳምቡሳ ረፋድ ላይ አለቀ። ለዙህር ወጥተው፣ ሰግደው፣ ተራው የማን እንደነበር እየተከራከሩ ተመለሱ።

በዚህ መሐል የቦሳሶው መኪና ከመንገዱ ጥግ ጡሩምባውን ነፋ። ናስር ሻንጣውን አንስቶ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውጭ አየ፤ ወደ ውስጥ አየ። ፈትሂያ መጥበሻዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

አዴር ተራቸውን ጥለው መጡ። "በእነዚህ አትመካ" አሉት። "ዕድሜያቸውን እየው፤ እነሱም አይሰነብቱም። ተማሪው እስኪመለስ ግን ይበቁሃል።" ከዚያ በአጠገቡ አልፈው አጥሩን ከፍተው ወጡ። ተጓዡ እሱ ሆኖ ሳለ ቀድመው የተለዩት እሳቸው ሆኑ፤ መንገዱ ላይ ደርሰውም ዞሩ።

"ደህና ሰንብት" አሉት።

ፈትሂያ እኔን አየችኝ። እኔ ፈትሂያን አየኋት።

"መምህር" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "አዴር ታመዋል እንዴ?"

ሰምተዋል መሰለኝ ተመልሰው መጡ። የአጥሩን በር በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት፤ ሲጥጥ አለ።

"ይሄ ማጠፊያ ግን አይሰነብትም" አሉና ሄዱ።

ናስር ጥቂት ቆመ። ከዚያ ሻንጣውን ከሳምቡሳው ምድጃ አጠገብ አስቀምጦ ካቻቢቴ ፍለጋ ገባ። መኪናው ሁለቴ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሦስተኛውን ሲነፋ ድምፁ ርቆ ነበር።

ፑል ቤቱ ዛሬም አለ፤ ኳሱ ዛሬም በርበራ ይወርዳል። እኔም አርጅቻለሁ። አዴር መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከላይ እስከ ታች ያዩኝና ራሳቸውን ነቅንቀው "ይሄ ሰውዬ አይሰነብትም" ይላሉ። ሳይሉኝ የዋሉ ቀን ጤናዬን እጠራጠራለሁ።