ቀጥ ያለ እንጨት አይላግም

[የአናጢ ሱቅ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ሁለት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ መሳቢያ። የተሻለ መሳቢያ የሠራውን የሱቁ ባለቤት እትዬ ዛሬ ዋና አናጢ ታደርገዋለች። አንዱ አናጢ የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» ይባላል፤ ላብ በላብ ሆኖ መሳቢያውን ይልጋል። ሌላው ነገር ቶሎ አይገባውም ተብሎ «ፈዛዛው» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ የራሱን ጨርሶ መጥረጊያ ተደግፎ ያየዋል።]

ሊቁ፦ እርሳሴን መልስ አልኩህ።

ፈዛዛው፦ አልወሰድኩም አልኩህ።

ሊቁ፦ እዚህ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚጠፋበት ሰው አንድ ነው። አምና ሜትርህን ከምሳ ዕቃህ ውስጥ ያወጣሁልህ እኔ አይደለሁም?

ፈዛዛው፦ ነህ። ሐኪም ለትኩረት ያዘዘችልኝን መድኃኒት ሳልጀምር ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ እርሳሴ የት ገባ?

ፈዛዛው፦ ጆሮህ ላይ ነው።

ሊቁ፦ (ዳብሶ) አውቃለሁ። ልፈትንህ ብዬ ነው።

ፈዛዛው፦ ቁርስ በላህ?

ሊቁ፦ ቁርስ ለሰነፍ ነው።

ፈዛዛው፦ ውሃስ?

ሊቁ፦ እናቴ መሆን አማረህ እንዴ? ይልቅ ና ይቺን የመሳቢያ ወለል ዳብሳት። እንደ ሐር ነች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀና ሳልል ልጌያታለሁ። ትንሽ ነው የቀራት።

ፈዛዛው፦ እንጨቱም ትንሽ ነው የቀረው።

ሊቁ፦ ቅናት ነው።

ፈዛዛው፦ ከኪኒኖቼ ሁለት ጎድለዋል።

ሊቁ፦ (መላጊያውን ሳያቆም) ውጠህ ረስተህ ይሆናል። የመርሳት ነገር አለብህ።

ፈዛዛው፦ ስላለብኝ ነዋ የምቆጥራቸው። ጠዋት አንዷን ስውጥ የቀሩትን ቆጥሬ ካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ። ቅድም ኮቴ ኪስ ውስጥ ሳያቸው ሁለት የሉም።

ሊቁ፦ እሺ፣ ወስጃለሁ። ሁለት ኪኒን ነው፣ ጎተራህን አልዘረፍኩ። ደግሞ ስማኝ፣ ላስተምርህ። ይቺ ኪኒን አንተን የመሰለውን ፈዛዛ ሰው አድርጋዋለች። እኔን የመሰለ ንቁ ሆድ ውስጥ ብትገባስ? አስላው እስቲ።

ፈዛዛው፦ (ረጅም አስቦ) ጠማማ እንጨት ሲላግ ይቃናል።

ሊቁ፦ ጎሽ፣ ገባህ።

ፈዛዛው፦ ቀጥ ያለው ሲላግ ያልቃል።

ሊቁ፦ አልገባህም። ስንቱ ተማሪ ለፈተና ይውጣት የለም እንዴ?

ፈዛዛው፦ ስንቱ እንደተረፈ አልጠየቅክም። እኔ ስጀምር ሐኪሟ ልቤን አዳመጠች፣ ግፊቴን ለካች፣ ከትንሿ ጀመረችልኝ። አሁንም በየወሩ ትለካኛለች። አንተን ማን ለካህ?

ሊቁ፦ እኔን? ሠላሳ ዓመት ስለካ የኖርኩትን?

[ፈዛዛው ጠጋ ብሎ የሊቁን እጅ ከአንጓው ላይ ይይዛል። ዓይኑን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።]

ሊቁ፦ ምነው፣ ሙሽራ አደረግከኝ?

ፈዛዛው፦ ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው።

ሊቁ፦ ሰዓት ለማንበብም ሰው ትደገፋለህ? አምስት ከሩብ ነው። ልቀቀኝ፣ ወዳጄ።

[ፈዛዛው ይለቀዋል፤ ሊቁ ወደ መላጊያው ይመለሳል። እርሳሱን ከሊቁ ጆሮ ላይ ወስዶ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቁጥር ይጽፋል።]

ሊቁ፦ (አንብቦ ይስቃል) መቶ ሠላሳ አራት። አይ ያንተ ነገር። መሳቢያው አርባ ሳንቲ ነው። መቶ ሠላሳ አራት ካደረግከው ሰው ይጋደምበታል።

ፈዛዛው፦ እሱን ነው የፈራሁት።

ሊቁ፦ ምኑን ነው የለካኸው?

ፈዛዛው፦ ልብህን። በደቂቃ።

[መላጊያው ይቆማል።]

ሊቁ፦ ... ብዙ ነው?

ፈዛዛው፦ ደረጃ ሮጠህ ወጥተህ ቢሆን አይበዛም። አንተ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ ቆመህ ነው ያለኸው።

ሊቁ፦ ከቅድም ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ድው ድው ይላል። የጎረቤት መዶሻ መስሎኝ ነበር።

ፈዛዛው፦ ጎረቤት ዛሬ ዝግ ነው።

ሊቁ፦ (በርጩማው ላይ ዘፍ ብሎ) በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገር።

ፈዛዛው፦ ለክሊኒኩ ቅድም ደውዬ ነግሬያለሁ። ልቡን ቁጠርና ሳትዘገይ አምጣው ያለችኝ ነርሷ ነች። ታክሲ እየመጣ ነው።

ሊቁ፦ አሃ። እኔን አልጋ ላይ አጋድመህ ዋና አናጢ ልትሆን። እትዬ ስድስት ሰዓት ላይ መጥታ ሳታይልኝ ንቅንቅ አልልም።

ፈዛዛው፦ እትዬ መጥታ ሄደች እኮ።

ሊቁ፦ መቼ?

ፈዛዛው፦ አራት ሰዓት ላይ። ከጀርባህ ቆማ ሦስት ጊዜ ጠራችህ።

ሊቁ፦ አልሰማሁም።

ፈዛዛው፦ ትኩረትህ ነዋ። ተመኝተኸው የለ።

ሊቁ፦ (ድምፁ ቀጥኖ) መሳቢያዬንስ አየችው?

ፈዛዛው፦ አንተ መላጊያህን ስትስል አነሳችው። ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ወለሉ ብርሃን አሳለፈ። መልሳ አስቀመጠችና የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ።

[ውጪ የመኪና ጥሩምባ። ሊቁ መላጊያውን እንደያዘ ይነሳል። ፈዛዛው ብብቱን ይደግፈዋል።]

ሊቁ፦ እንግዲህ አለቃዬ ከሆንክ እዘዘኝ። መላጊያውን የት ላስቀምጠው?

ፈዛዛው፦ መሳቢያህ ውስጥ ነዋ። አንተ ከላይ አስገባው፣ እኔ ከታች እቀበልሃለሁ።