ታላቅ አልቀድምም ያልኩበት ሩጫ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨርቅ ቆራጭ ሳለሁ፣ አዲስ ማሽን ተማር ተብዬ በሽበቴ ሆላንድ የተላክሁ ጊዜ ነው። እዚያ አገር እሁድ ጠዋት ሽማግሌው ሳይቀር ይሮጣል። ማን አባሯቸው? ማንም የለም!

አንባቢዬ፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እየሮጠ የተወለደ የሚመስለው ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? አንድ እሁድ ሯጮቹ አገሬን ሲሰሙ ለውድድራቸው ከፊት አሰለፉኝ። እኔ ወሎ ሰፈር ታክሲ ቢያመልጠኝ ቆሜ ሌላ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ግን የአገር ስም ተነስቶ እምቢ ይባላል?

ጥቂት እንደሮጥን ፀጉራቸው የነጣ እናት ቀደሙኝ። ታላቅን ጥሎ ማለፍ ደግሞ አላደግሁበትም፤ ከኋላ ከኋላ አጀብኳቸው። ሌላው ሁሉ አልፎን ሄደ።

«አንተ ኢትዮጵያዊ፣ እለፈኝ እንጂ!» አሉኝ።

«ነውር ነው እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ!» አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

እውነቱን ልንገርዎት? ትንፋሼም አልቆ ነበር። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም፤ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ጠበቁኝና እጄን ይዘው እኩል አስገቡኝ። «እርስዎ ይቅደሙ» ያልኳቸውን ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። መጨረሻ ወጥቶ እንዲህ የተጨበጨበለት ማን አለ? ዛሬም ደረቴን ነፍቼ አወራዋለሁ። የአገሬን ስም ያተረፉልኝ እኚያ ሴት ማርያ ይባላሉ።