ለፎቶ የተዘጋጀ ግድግዳ

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። ፈሪ ከጠብ ይሸሻል፣ በደህና ቤቱ ይገባል፣ እናቱም ታመሰግናለች። እናትየዋ ራሷ ፈሪ ስትሆን ግን ለማን እንደምትሆን ተረቱ አይነግረንም። እኔ ከነዚህ እናቶች ወገን ነኝ። በዚያ ላይ ዝምተኛ ነኝ። ፍርሃትና ዝምታ አንድ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚወጣቸው ታውቃላችሁ? ሰው ሁሉ ጨዋ የሚላት፣ ማንም ሳያያት ግን ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ የምትውል ሴት።

ግድግዳው የተከራየሁት ቤት የጓሮ ግድግዳ ነው። ደሴ ላይ ቤት የሚሠራው ከተራራው ትንሽ ቦታ ተለምኖ ነው፤ ተራራው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር «ቦታዬን» ይላል። የእኛም የጭቃ ቤት ጀርባውን ለቁልቁለቱ አፈር ሰጥቶ ቆሟል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ከጣሪያው ሥር አንዲት ስንጥቅ ወጣች። ከሥሯ የአራት ዓመቷ ልጄ ሀያት የምትተኛበት አልጋ አለ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በወዲያ በኩል በር፣ በወዲህ በኩል ምድጃ፣ አልጋውን የት ላድርሰው? በጋው ሲገባ ስንጥቋ ወደ አልጋው ወረደች። ወይም የወረደች መሰለኝ። ፈሪ ሰው ከገዛ ዓይኑ ጋር አይተማመንም።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በስልክ ስነግረው «ፍርሃትሽ ነው» ይለኛል። አከራያችን እትዬ ከድጃ እዚያው ግቢ፣ ከፊት ለፊት ባለው ቤት ይኖራሉ። አንድ ቀን እንደምንም ስንጥቋን በጣቴ አሳየኋቸው።

«አብሽሪ፣ ቤቱ እየተደላደለ ነው» አሉኝ።

ቤቱ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። እስካሁን ካልተደላደለ መቼ ሊደላደል ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። በሆዴ። እሳቸውም ግንበኛ አስመጡልኝ፤ ሰውየው የቱንቢውን ክር አንጠልጥሎ አየና «ሲሠራም ጠማማ ነበር» ብሎ ሄደ። የእኔ ጥያቄ ግን «ጠማማ ነው ወይ?» አልነበረም። «ከቦታው እየሄደ ነው ወይ?» ነው። እየሄደ ከሆነ ክረምት ሳይገባ ልጄን ማውጣት አለብኝ፤ ካልሆነም ጆሮዬን ከግድግዳው ላይ አንስቼ እንደ ሰው መኖር።

የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሰይድ ኮምቦልቻ ውስጥ ቅየሳ ይሠራል። ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን አገጣጥሞ፣ ቤቱን እንደ አሻንጉሊት የሚዞርና የሚለካ አድርጎ ያወጣዋል። «ዛሬ አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጊዜ እናነሳዋለን። ሁለቱን ሳስተያይ ግድግዳው ፈቀቅ ካለ ይታያል» አለኝ። መንገዱ ብዙ ነው አሉ። በድሮን ማንሳት አለ፤ እሱን እኔው ራሴ አስቀረሁት። እኛ አገር ከሰማይ የሚያጓራ ነገር ሲሰማ ልጁን ታቅፎ የማይሮጥ ማን አለ? ለአንድ ግድግዳ ሰፈር ላስበርግግ? ደግሞስ ድሮን አልጋ ሥር አይገባም። ሁለተኛው በስልክ ዞር ዞር ብሎ አንስቶ ወዲያው ማየት ነው። ሦስተኛው በብዙ ፎቶ ቀስ ተብሎ የሚሠራው ረጅሙ ነው። ሰይድ የስልኩን መረጠ፤ ወደ ኮምቦልቻ መመለሻ ታክሲ ሳያመልጠው ያልቃል።

እንግዲህ ሰው ሊመጣ ነው፣ ያውም ከነካሜራው። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ስንጥቋን በጭቃ ደፈንኩ። የሀያትን የከሰል ሙንጭርጭር ፍቄ አጠፋሁ። ከዚያ ግድግዳውን በሙሉ ሁለት ጊዜ ኖራ ቀባሁት።

ሰይድ ገብቶ ቆመ። «የሀያት እናት፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

አነሳ፣ ጠበቅን፣ ስልኩን አሳየኝ። ብርድ ልብሱ ከነአበባው፣ ፔርሙሱ ከነእጀታው፣ የሀያት አንድ እግር ጫማ ሳይቀር ወጥቷል። ግድግዳው የነበረበት ቦታ ላይ ግን ትልቅ ጥቁር ቀዳዳ። አልጋው ከቀዳዳው አፍ ላይ ተቀምጧል። እጄ ሳላዝዘው ሀያትን ከአልጋው ላይ አነሳት።

«አትደንግጪ» አለ ሰይድ። «ኮምፒውተሩ እዚህ ፎቶ ላይ ያየውን ምልክት እዚያኛው ፎቶ ላይ ፈልጎ ነው የሚያገጣጥመው። ነጭ በነጭ ሲሆንበት የሚጨብጠው አጣ።»

«ስንጥቋስ?»

«ዋናዋ ምልክት እሷ ነበረች።»

ረጅሙ መንገድ የግድ ሆነ። እያንዳንዱ ፎቶ የፊተኛውን ከግማሽ በላይ ይደግማል፤ ለልኬቱ ሜትር ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ኮምፒውተሩም ቀኑን ሙሉ ይሠራል። «መጀመሪያ ግን ይህን ግድግዳ አቆሽሺልኝ። አንድ ዓይነት ነገር ግን አትደጋግሚ፣ ይምታታበታል» አለኝ።

ከሰል አነሳሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያለኝን ሁሉ አወጣሁት። ፊደል፣ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ የአበባ ክፍሎች። እሱ ሲያልቅ ሐርቡ፣ ደጋን፣ ኩታበር እያልኩ አገር ዞርኩ። ግድግዳው ገና ነጭ ነው። እንዳልደግም ተብያለሁ። የቀረኝ በሆዴ ያለው ብቻ ነበር፤ ከአልጋው በላይ ጻፍኩት። «ልጄ እዚህ ሥር ነው የምትተኛው። ይህ ግድግዳ እንዳይወድቅባት እፈራለሁ። ዝናብ ሲመጣ እስኪያባራ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።»

ሰይድ ፎቶውን አንስቶ ጨረሰ፣ አነበበ፣ ታክሲውም አመለጠው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ከድጃ ወንፊት ሊዋሱ ገቡ። መነጽራቸውን አድርገው ከፊደል ጀምረው እስከ አልጋው ድረስ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ኮምፒውተር ነው ያስጻፈኝ።»

«ለኮምፒውተር የምትነግሪውን ምነው ለእኔ በአፍሽ ብትነግሪኝ?» አሉ። ወንፊቱን ረስተው ወጡ። የዚያኑ ቀን የእኛ አልጋ እሳቸው ሳሎን ገባ፤ «አውፍ በይኝ» ብለው ይቅርታ የጠየቁኝም አልጋው በር ላይ ተሰንቅሮ ስንገፋ ነው።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ ግድግዳው እንደገና በረዶ መስሏል። እትዬ ከድጃ ኖራ አስቀብተውታል። «ሰው ገብቶ ቢያነበው ምን ይለኛል?» አሉኝ። በዚህስ ደቀ መዝሙሬ ናቸው።

ሰይድ በሁለት ሳምንቱ መጣና በሩ ላይ ራሱን ያዘ። የሚያስተያየው ምልክት አንድም አልቀረም። ከዚያ ጠጋ አለ። በአዲሱ ኖራ ላይ፣ ከጣሪያው እስከ አልጋው ቦታ፣ ፀጉር የምታህል መስመር ወርዳለች። የሀያት ትራስ የነበረበት ጋ ሁለት ትሆናለች። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«ይኼ ፎቶ አያሻውም» አለ። «ኖራው ከተቀባ ወዲህ ነው የሄደው።»

እትዬ ከድጃ መስመሯን በጣታቸው ተከትለው እስከ ታች ወረዱ። «ለካስ አልተደላደለም» አሉ።

ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳው ሊፈርስ ነው። «ካለመናገር ደጅአዝማችነት ይቀራል» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ደጅአዝማችነት አልፈለግሁም፣ ልትቀርብኝ የነበረችው ልጄ ናት። እንዲህም ሆኖ አፌ አልተፈታም። ከሰል ግን ከኪሴ አይጠፋም።