አማቴ የዳይኖሰር ጥርስ ሲያዩ

በአማቱ ፊት ፕሮፌሰር የማይሆን ወንድ የለም። «እኔ አልሆንም» የምትል አንባቢ ካለህ፣ ወይ አላገባህም፣ ወይ አማትህ ገና ቪዛ አላገኙም።

እኔ ሚስቴን ያገኘሁት «የተማረ ነው» ተብዬ ነው። ይህን ለአባቷ ለሐጂ ሰይድ የነገሯቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እኔ አላስተባበልኩም፣ ያ ብቻ ነው ጥፋቴ። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቲ ገበያ ከብት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በቅርቡ ሊጠይቁን ላስ ቬጋስ መጡ። ከኤርፖርት ኢንተርፕራይዝ የሚባል ሰፈር እስካለው ቤታችን ድረስ ያልጠየቁኝ የለም፣ እኔም ያልመለስኩት የለም። የመንገድ ዳር ዘንባባውን ዕድሜ ሳይቀር ነገርኳቸው… ከየት አምጥቼ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ቅዳሜ ሺፍት ስላልነበረኝ እሳቸውንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን ሐያትን ይዤ ሙዚየም ሄድኩ። አዳራሹ መሃል ጣሪያ ሊነካ የደረሰ የዳይኖሰር አፅም ቆሟል።

«ይሄ ደሞ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

ከሥሩ የተጻፈውን ባነብ ምን ነበረበት? ግን የተማረ ሰው ሲያነብ ከታየ ምኑን ተማረው…

«ቲሬክስ ይባላል፤ ሥጋ በል ነው» አልኩ። «አንድ በሬ አንድ ጉርሻው ናት።»

ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው አፅሙን ዞሩት። ሰንጋ ሊገዙ የመጡ ይመስል መጀመሪያ አፉን፣ ቀጥሎ እግሩን ጎንበስ ብለው መረመሩ።

«ከፊት ጥርስ የለውም» አሉ። «የኋላው ወፍጮ ነው፤ ያላምጣል እንጂ አይቦጭቅም። እግሩንም እየው፣ ወደ ሰኮና የሚሄድ እንጂ የአዳኝ ጥፍር አይደለም። ይሄ ቅጠል በል ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን፣ «አባባ፣ እዚህ አገር ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ሹል ጥርስ አያስፈልገውም» አልኳቸው።

ሐያት ጽሑፉን አንብባ ቀና አለች። «ባባ፣ ሪድ አላደረግከውም? ቲሬክስ አይደለም። ቅጠል ነው የሚበላው፣ አፉ እንደ ዳክዬ ነው ይላል። አያቴ ራይት ነው።»

አጠገባችን የነበሩት ሽበታም አስጎብኚ ሴትዮ ምን እንደተባለ ጠየቁ። ሐያት ቀድማኝ ተረጎመችላቸው። ሴትዮዋ ተገርመው፣ ሐጂ ይህን የት እንደተማሩ ማወቅ ፈለጉ።

«ከላም አፍ» አሉ ሐጂ፣ ጥያቄው ሲነገራቸው። «አጥንት አይዋሽም በያት።»

ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት ሴትዮዋን አልነበረም፤ እኔን ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ከዘመናት በኋላ ቆፍረው ቢያወጡኝ በምን ይለዩኛል? ምላስ እንደሆነ አጥንት የለውም።

ስንመለስ ሐጂ የፊት ወንበሩን ትተው ከኋላ፣ ከሐያት ጎን ገቡ። ትንሽ እንደሄድን በመስኮት ከሩቅ ወደሚታየው ቀይ ተራራ እየጠቆሙ፣ «ይሄስ ምን ይባላል?» አሉ። አፌን ልከፍት ስል ትከሻዬን በከዘራቸው ነካ አደረጉኝ።

«አንተ ንዳ ልጄ» አሉኝ በለሆሳስ። «መንዳቱን ትችልበታለህ።»