ሦስቱን አፕ አንድ ያደረገው ኢንጂነር ዋግዲ

ሁለት ነገር ለየብቻው ተቀምጦ ሲያይ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ቤተሰብም የለም፣ ሰፈርም የለም። ጨውና በርበሬ በየዕቃቸው ካየ «ለምን ሁለት ዕቃ?» ብሎ ይቀላቅልና ምርቃት ይጠብቃል። መራቂ ሲጠፋ ደግሞ የሰው ልጅ ለውጥ አይወድም እያለ ያዝናል።

በእኛ በሹብራ ሰፈር እንዲህ ያለው ሰው ክቡር ኢንጂነር ዋግዲ ይባላል። ምህንድስና ሲማር ያየው የለም፤ ግን ካይሮ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ የዘጋ ሁሉ ኢንጂነር ስለሆነ እኔም ማዕረጉን አልነፈግኩትም። የሚሠራው በአንድ የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ድርጅት ነው። እኔ ባለሱቅ ነኝ። የሰፈሩ ሰው ልብሱን ጠቅልሎ እኔ ጋ ያስቀምጣል፣ ድርጅቱ ይወስዳል፣ አጥቦ ተኩሶ እኔው ጋ ይመልሳል። ለዚህ ውለታዬ «አጋር» የሚል ስም ሰጥተውኛል። ሚስቴ ይህን ስትሰማ «ከሽንኩርት ሻጭነት ወደ አጋርነት! እንግዲህ እኛን አትረሳን» አለችኝ።

የዋግዲን ጠባይ ያወቅሁት ከአፑ በፊት ነው። አንድ ቀን የሚስቱን ዘመዶችና የራሱን ዘመዶች የዋትስአፕ ግሩፕ አንድ ላይ ቀላቀላቸው። «ያው ለኢድ እንኳን አደረሳችሁ ነው የምትባባሉት፤ ለምን ሁለት ቦታ?» አለ። በሦስተኛው ቀን የሚስቱ እናት ስለ እሱ እናት አበሳሰል የጻፉትን የእሱ እናት አነበቡ። እስከ ዛሬ ሁለቱ እናቶች ሞሎኪያ የሚባለው የቅጠል ወጥ የቀረበበት ገበታ ላይ አብረው አይቀመጡም። እሱ ግን ጥፋቱን የሰጠው ለሞሎኪያው ነው።

የሚመካበት አንድ ማስረጃ አለው፤ ኮሸሪ። «ሩዝ አለ፣ ምስር አለ፣ መኮሮኒ አለ። ሁሉም ባንድ ሳህን! አንድ ያማረረ ሰው አሳየኝ» ይለኛል።

«እኔ አለሁ። መኮሮኒው ይበዛል።»

«አንተን ማን ቆጠረህ!»

ድርጅቱ ሦስት አፕ ነበረው። በአንዱ ደንበኛው ያዛል፣ በአንዱ ሠራተኛው ይሠራል፣ በአንዱ እኔን የመሰለው አጋር ስንት ጥቅል እንደገባና እንደወጣ ያያል። ክቡርነቱ ይህን ባየ ጊዜ የደረሰበት ሐዘን አይነገርም። አራት ወር ሙሉ ሥራ አስኪያጁን ሻኪር ቤይን ነዘነዛቸው። «ማዳም እገሌ ሦስት ቦታ ሦስት ገጽ አላት። ሴትየዋ አንድ ናት እኮ! አንድ ደንበኛ፣ አንድ ገጽ!» ሻኪር ቤይም መላው ሲጠፋቸው «በቃ አድርገውና ገላግለኝ» አሉት።

አደረገው። መቼም እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ነበር። ደንበኛው ልብሱ የት እንደደረሰ ያያል፣ እኔም መቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ስልክ መደዋወል ቀረ። ይህ ሁሉ ደስታ አንድ ቀን ተኩል ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተኳሾቹ ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ ማስታወሻ የመያዝ ልማድ አላቸው። ድሮ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ጥቅሉ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያይዙት ነበር፤ ኋላ በሠራተኞቹ አፕ ውስጥ ይጽፉት ጀመር። ሁሉንም ያስለመዷቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በካውያ ላይ የቆሙት ሀጂ በዩሚ ናቸው። ዋግዲ ገጾቹን አንድ ሲያደርግ ያንን ሁሉ ማስታወሻ ከነጉዱ ለደንበኛው ከፈተው።

ሰፈሩ ተናወጠ። ጥርስ ሐኪሙ ስለ ራሱ «ሱሪው ጠቦታል፣ አላምን ብሏል፤ ቁልፉን በወፍራም ክር አጠንክሩለት» የሚል አነበበ። አዲሷ ሙሽራ «ቀሚሱ የተቃጠለው እናቷ ቤት ነው፤ በእኛ እንዳታላክክ ፎቶ አንሱ» የሚል አገኘች። እኔም አልቀረሁ፦ «ባለሱቁ ጥቅል ከሽንኩርት ጋር ያስቀምጣል። ቢነገረው ይቆጣል፤ ዝም ብላችሁ አናፍሱት።» ተቆጣሁ። ከዚያ ሽንኩርቱን አነሳሁ።

ሻኪር ቤይ በሰዎች ስልክ ተጨናነቁ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ማዳም ማርሴል ደግሞ «ሐሙስ እኔው ሱቁ ድረስ እመጣለሁ፤ ጠብቁኝ» ብለው ዘጉባቸው። ማዳም ማርሴል ከቤት የሚወጡ ሴት አይደሉም። ጥቅላቸውን በቅርጫት በገመድ ከበረንዳ ያወርዳሉ፣ በቅርጫት ይስባሉ። ሻኪር ቤይ ይህን ሲያውቁ ፊታቸው ጠቆረ። «እኚህ ሴት አንድ ክፉ ቃል ከተናገሩ በዩሚ በዚያው ዕለት ይሰናበታል» አሉ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ለቀረው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ሀጂ በዩሚ የክት ጀለቢያቸውን ለብሰው ከሻኪር ቤይ ጋር መጡ። ጀለቢያው ላይ አንድ መጨማደድ አልነበረም። ዋግዲ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ማቀዝቀዣዬን ተደግፎ ቆሟል።

ማዳም ማርሴል ገቡ። ሰላምታ አልሰጡም። መነጽራቸውን አደረጉና ከስልካቸው አነበቡ።

«‹አራተኛ ፎቅ። በየሳምንቱ አንድ የወንድ ሸሚዝ ይመጣል። ከሦስተኛው ቁልፍ ሥር የሻይ ጠብታ አለው፣ ሁልጊዜ እዚያው ነው። ቀስ ብላችሁ አስለቅቁት። ባለቤታቸው አቶ ሀሊም ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ማዳምን ማንም እንዳይጠይቅ። አንገቱ ደረቅ እንዲል ስታርች ይጨመርበት፤ እሳቸው እንደዚያ ነበር የሚወዱት።›»



«ይህን የጻፈው ማነው?» አሉ።

ሀጂ በዩሚ አፋቸውን ሳይከፍቱ ዋግዲ «እኔ ነኝ» አለ።

ማዳም ማርሴል ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ያንን ለብሶት የነበረውን የተጨማደደ ኮት ላየ ሰው ልብስ መተኮስ ያውቃል ብሎ ማመን ከባድ ነው። «አንተ ልጄ፣ ስታርች በውኃ ነው የሚበጠበጠው በወተት?»

ዋግዲ አሰበ። እውነትም አሰበ! «በ... ሁለቱም ይቻላል» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ዋግዲም ማስመሰሉን ተወው። «ማዳም፣ ሀጂ የጻፉት አብሯቸው ለሚተኩስ ሰው ብቻ ነው። ገልጦ ለእርስዎ ያሳየው የእኔ ቅብጠት ነው። ሻኪር ቤይ፣ የሚሰናበት ሰው ካለ እኔን ያሰናብቱኝ። ሀጂን አይንኩብኝ» አለ። ያ ሁሉን ነገር ካልቀላቀልኩ የሚል ሰው ጥፋቱን ግን ከማንም ጋር አልቀላቀለም፣ ለብቻው ወሰደ። እኔ በዚያች ደቂቃ ወደድኩት።

«ስለ መሰናበት ማን አወራ?» አሉ ማዳም ማርሴል። ወደ ሀጂ በዩሚ ዞሩ። «ሸሚዙን ያላንዳች እድፍ ብልክ አበደች ትሉኛላችሁ ብዬ ነበር ሻይ የማንጠባጥብበት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ! እርስዎ ለካ ያውቁ ኖሯል?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ እመቤቴ» አሉ ሀጂ አንገታቸውን ደፍተው።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሻይ አላፈስበትም። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።» ከዚያ የሶዳ ሳጥኔ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ሻኪር ቤይ መሐረባቸውን ሰጧቸው። ስለ ስንብት ከዚያ ወዲህ የተናገረ የለም።

ዋግዲ በዚያው ዕለት ማስታወሻዎቹን ከደንበኞች ዓይን መልሶ ለየ። ሦስት ሺህ ገጽ ዘጋ፣ አንዱን ተወ። ማዳም ማርሴል «የእኔን እንዳትዘጉብኝ» ብለውት ነበር።

አሁን በዚያ ገጽ ላይ ሀጂ በዩሚ ይጽፋሉ፣ ማዳም ይመልሳሉ፣ እኔም በአጋርነቴ አነብባለሁ። ክቡር ኢንጂነር ዋግዲ ከቢሮው ወንበር ሆኖ ማየት ሲችል ሐሙስ ሐሙስ ነጭ አይብ ሊገዛ የመጣ መስሎ ሱቄ ይገባል። ያፍራል መሰለኝ፣ ገጹን ራሱ አይከፍትም።

«ተጻጻፉ?» ይለኛል።

ባለፈው ሐሙስ አነበብኩለት። ሀጂ «የአቶ ሀሊም ሰማያዊ ሸሚዝ ጨርቁ ሳስቷል። በየሳምንቱ ካውያ ካረፈበት አይቆይልዎትም» ብለዋል። ማዳም ማርሴልም ከሥሩ «እሺ፣ እንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን» ብለው መልሰዋል።

ዋግዲ አይቡን ረስቶት ሄደ።